ለቴሌስኮፕ የሚሆን የኃይል ገመድ በእጃችሁ ስትሠሩ፦ ከሲባጎ መለኪያ እስከ መጨረሻው ፍተሻ

ማውንቱ፣ ማለትም ቴሌስኮፑን ተሸክሞ የሚዞረው ክፍል፣ ወደ ሌላ ኮከብ መዞር ሲጀምር ድንገት ይቆማል። ወይ ካሜራው እኩለ ሌሊት ላይ ከኮምፒውተሩ ይጠፋል። ወይ ደግሞ የጤዛ ማሞቂያው፣ ማለትም ሌንሱ ላይ ጤዛ እንዳይቋጠር የሚያሞቀው፣ ሲበራ ሌላው ሁሉ ጠፍቶ ይበራል። ብዙ ሰው ይህ ሲገጥመው ባትሪውን ይወቅስና አዲስ ይገዛል። ችግሩ ግን አይለቀውም፤ ምክንያቱም ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ያለው ገመዱ ላይ ነው። ቀጭን ሽቦ፣ የላላ ጃክ፣ በናስትሮ የተጠቀለለ ቅጥያ።

ጥር ላይ ከአንኮበር በላይ አንድ ወዳጄ ካሜራው አልቀዘቅዝ ብሎት ሲቸገር ቴስተር አወጣን። ባትሪው ላይ ስንለካ 12.6 ቮልት። ካሜራው ውስጥ በሚገባው ጃክ ላይ 10.9። ባትሪው አዲስ ነው። ገመዱ ግን ከአሮጌ ቻርጀር የተቆረጠ፣ 4 ሜትር የሚረዝም ቀጭን ሽቦ ነበር፤ 1.7 ቮልት መንገድ ላይ በልቶ አስቀርቷል። እንዲህ ባለ ገመድ ላይ የፈለጋችሁትን ባትሪ ብታስሩበት ለውጥ የለውም።

ይህ መመሪያ የ12 ቮልት ገመድን ብቻ ይመለከታል። 220 ቮልት የሚነካ ሥራ እዚህ የለም፤ እሱን ለኤሌክትሪሺያን ተዉት።

አስቀድሞ፦ ሦስት ማስጠንቀቂያ

12 ቮልት ሰው አይዝም፤ ሰው የሚዘናጋውም በዚሁ ነው። የመኪና ወይም የሊቲየም ባትሪ ሾርት ሲያደርግ በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሊተፋ ይችላል። ሽቦው በሰከንዶች ውስጥ ይቀላል፣ ፕላስቲኩ ይነዳል። ስለዚህ ገመድ ስትሠሩ ባትሪው ሌላ ክፍል ይሁን። የብረት ሰዓትና ቀለበት አውልቁ።

ሁለተኛው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ነው። ማቀያየር ውድ ካሜራን በቅጽበት ሊገድል ይችላል። መሣሪያ ከመሰካታችሁ በፊት ሁልጊዜ በቴስተር እዩ፤ በቀለም ብቻ አትመኑ።

ሦስተኛ፣ የምትበይዱበት ሊድ እርሳስ አለበት። መስኮት ክፈቱ። ሥራው ሲያልቅ እጃችሁን በሳሙና ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ። ልጆች ባሉበት ቤት ፍርፋሪውን ሰብስባችሁ ጣሉ።

ደረጃ 1፦ መሣሪያዎቻችሁን መዝግቡ

ወረቀት አውጡ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ አራት ነገር ጻፉ፦ ስንት ቮልት፣ ቢበዛ ስንት አምፔር፣ የሶኬቱ መጠን፣ ፖዘቲቩ የት እንደሆነ። መልሱ ከመሣሪያው ጀርባ ወይም አብሮት ከመጣው አዳፕተር ላይ አለ።

ብዙ ጊዜ የሚገጥመው እንዲህ ያለ ዝርዝር ነው፦ ማውንት 3 አምፔር፣ የሚቀዘቅዝ ካሜራ 3 አምፔር፣ ትንሽ ኮምፒውተር 2 አምፔር፣ የጤዛ ማሞቂያ 1.5 አምፔር። ድምሩ 9.5 አምፔር። ሁሉም በአንድ ጊዜ እስከዚያ ድረስ ይስባሉ ማለት አይደለም፤ ገመዱ ግን ለከፋው ቀን ነው የሚሠራው።

ሁሉም ነገር 12 ቮልት ነው ብላችሁ አትነሱ። 19 ቮልት የሚፈልጉ ትናንሽ ኮምፒውተሮች አሉ። የፎቶ ካሜራ በባትሪው ቦታ የሚገባለት ማስመሰያ 8 ቮልት አካባቢ ነው የሚፈልገው። 5 ቮልት የሚፈልጉም አሉ። ለእነዚህ ቮልት መቀየሪያ ያስፈልጋል። 5 ወይም 8 ቮልት የሚፈልገውን በቀጥታ ከ12 ብታገናኙት ተቃጠለ ማለት ነው።

የጃኩ መጠን ላይ ጊዜ ውሰዱ። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱም 5.5 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ መሐላቸው ያለው ቀዳዳ ግን አንዱ 2.1፣ ሌላው 2.5 ነው። 2.1ዱ ጃክ ወፍራም ፒን ባለው ሶኬት ውስጥ አይገባም፤ ስለዚህ ወዲያው ታውቃላችሁ። አስቸጋሪው ተቃራኒው ነው። 2.5ቱ ጃክ ቀጭን ፒን ላይ ገብቶ ደህና የተቀመጠ ይመስላል፣ መብራቱም ይበራል፣ ማውንቱ ሲንቀሳቀስ ግን ይላቀቃል። ሁለቱንም ገዝታችሁ ሞክሩ። ትክክለኛው ሲገባ ትንሽ ይይዛል፤ ስትነቀንቁት አይወዛወዝም።

ደረጃ 2፦ ርዝመቱን በሲባጎ ለኩ

በግምት የተቆረጠ ገመድ ወይ ያጥራል ወይ ይንዘላዘላል። ቴሌስኮፑን ቤት ውስጥ ወይም ግቢ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ግጠሙት። ካሜራው፣ ቴሌስኮፑን የሚያመዛዝነው ክብደት፣ ሁሉም ቦታው ላይ ይሁን። ከዚያ ሲባጎ ውሰዱና ገመዱ ሊሄድበት ባሰባችሁት መንገድ ዘርጉት። አሁን ማውንቱን አዙሩ፤ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ምዕራብ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ፣ ወደ አድማስ ዝቅ ብሎ፣ ከዚያም ከአንዱ ጎን ወደ ሌላው ሲገለበጥ። ሲባጎው በየትኛውም ቦታ ላይ መወጠር የለበትም። በጣም ከተወጠረበት ቦታ ለኩና 20 ሴንቲ ሜትር ጨምሩ። ከዚያ በላይ አትጨምሩ።

በእኛ አካባቢ ይህን ደረጃ መዝለል በሌላ አገር ከመዝለል የባሰ ነው። ሰሜን ሸዋ ከምድር ወገብ ብዙ አትርቅም። የሰሜን ኮከብ ከአድማስ 10 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ከፍ የምትለው። የማውንቱ ዋና ዘንግ ወደ እሷ አቅጣጫ ስለሚነጣጠር እዚህ ጋደም ብሎ ነው የሚሠራው፤ የክብደቱ ዘንግና ከላይ የተንጠለጠለው ገመድ ሁሉ ከመቆሚያው እግሮች ጋር ይቀራረባሉ። አውሮፓ ውስጥ ሆነው የሠሩት ሰዎች ቪዲዮ ላይ ያያችሁት የገመድ መንገድ እዚህ እግሩ ላይ ሊጠመጠምባችሁ ይችላል። በራሳችሁ ማውንት፣ ወደ ትክክለኛው ዲግሪ አስተካክላችሁ ለኩ።

ባትሪው የሚቀመጥበትንም ቦታ አሁኑኑ ወስኑ። እኔ በመቆሚያው እግሮች መሐል መሬት ላይ አስቀምጠዋለሁ። ዋናው ገመድ ያጥራል፣ በጨለማ ሰው አይሰናከልበትም።

ደረጃ 3፦ የሽቦውን ውፍረት ምረጡ

ስሌቱ ቀላል ነው። የገመዱን ርዝመት በሜትር በ2 አባዙ፤ ኤሌክትሪኩ ሄዶ ስለሚመለስ ነው። በ0.0175 አባዙ። ለሽቦው ውፍረት በስኩዌር ሚሊ ሜትር አካፍሉ። በመጨረሻ በአምፔሩ አባዙ። የምታገኙት መንገድ ላይ የሚቀረው ቮልት ነው።

3 ሜትር ገመድ 5 አምፔር ሲሸከም እንዲህ ይሆናል፦

- 0.5 ሽቦ፦ 1.05 ቮልት ይጠፋል
- 0.75 ሽቦ፦ 0.7 ቮልት
- 1.5 ሽቦ፦ 0.35 ቮልት
- 2.5 ሽቦ፦ 0.21 ቮልት

ከባትሪው እስከ መሣሪያው ድረስ ከግማሽ ቮልት በላይ እንዳይጠፋ አድርጉ። ከባትሪው ወደ ማውንቱ ለሚሄደው ዋና ገመድ 2.5፣ ከዚያ ወደ እያንዳንዱ መሣሪያ ለሚሄዱት አጫጭር ገመዶች ደግሞ 0.75 ወይም 1.0 በቂ ነው። ከውጭ የሚመጣው የሲሊኮን ሽቦ በኤደብልዩጂ (የአሜሪካ የሽቦ መለኪያ) ቁጥር ነው የሚሸጠው። እዚያ ቁጥሩ ሲያንስ ሽቦው ይወፍራል፤ 18 ቁጥር 0.82 ስኩዌር ሚሊ ሜትር፣ 14 ቁጥር ደግሞ 2.08 ነው።

ስትገዙ ሦስት ነገር እዩ።

አንደኛ፣ ሽቦው ባለ ብዙ ክር ይሁን። ለቤት ግድግዳ የሚገባው ባለ አንድ ወፍራም ሽቦ መተጣጠፍ አይችልም፤ ማውንት ላይ ሲወዛወዝ ቆይቶ ውስጡ ይሰበራል፣ ከውጭ ግን ምንም አይታይም።

ሁለተኛ፣ መዳብ መሆኑን አረጋግጡ። ላዩ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ገበያው ላይ ሞልቷል። አንዷን ክር በምላጭ ፋቁ። ውስጡ ነጭ ከሆነ መልሱት። ሊድ በደንብ አይዘውም፣ ቮልቱንም ይበላል፣ ቶሎም ይሰበራል።

ሦስተኛ፣ ብርዱ። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ይወርዳል። መንዝ ጓሳ ላይ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው የምትቆሙት። ተራው የፒቪሲ ሽፋን እዚያ ይደርቃል፤ የደረቀ ገመድ ማውንቱን ይጎትታል፣ ኮከቡም ፎቶ ላይ ተጎትቶ ይወጣል። የሲሊኮን ሽቦ በዚያ ብርድም እንደለሰለሰ ነው። ካላገኛችሁ ደግሞ ከገዛችሁት ቁራጭ ቆርጣችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩና ጠዋት እጠፉት። እንደ ዱላ ቀጥ ካለ ለሚንቀሳቀሰው ክፍል አትጠቀሙበት። ከባትሪው እስከ ማውንቱ ግን ይሆናል።

ደረጃ 4፦ ዕቃውን በአንድ ጊዜ ሰብስቡ

ደብረ ብርሃን ላይ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ፣ የሶላር ዕቃ ሱቅና ሞባይል ጥገና ቤት ብትዞሩ አብዛኛውን ታገኛላችሁ። የቀረውን ከመርካቶ። አንድ ጃክ ጎድሎ 130 ኪሎ ሜትር መመለስ እንዳይመጣ ከእያንዳንዱ ትንሽ ዕቃ ሁለት ሦስት ትርፍ ያዙ።

የሚያስፈልጉት፦ ሶልደሪንግ አይረን፣ ጥሩ የሆነው 60 ዋትና ሙቀቱ የሚስተካከል ነው፤ 60/40 ሊድ እና ፍላክስ (ሊዱ በደንብ እንዲይዝ የሚቀባው)፤ የሽቦ መላጫ፤ ፒንሳ፤ ቴስተር፤ ሂት ሽሪንክ (ሲሞቅ የሚኮማተር የፕላስቲክ ቱቦ) በየመጠኑ፣ ቀይና ጥቁር ቢኖረው ይመረጣል፤ ብረት ሽፋን ያላቸው ዲሲ ጃኮች፤ ኤክስቲ60 ማገናኛ (ወንድና ሴት ያለው፣ ባለ ሁለት ፒን)፤ የመኪና ፊውዝና ማቀፊያው፤ ባለ 4 ወይም ባለ 6 የመኪና ፊውዝ ሳጥን፤ ቬልክሮ ማሰሪያ። ሽቦውን የሚይዝላችሁ ነገርም ያስፈልጋል። ትንሽ ሞርሳ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ የፒንሳውን እጀታ በላስቲክ ወጥራችሁ አፉ ሽቦውን እንዲይዝ አድርጉ። በሁለት እጅ አይረን፣ ሊድ፣ ሽቦና ጃክ መያዝ አይቻልም፤ ብዙ ሰው ብየዳ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 5፦ ዋናው ገመድና ፊውዙ

ፊውዝ የሚጠብቀው ገመዱን ነው። ስለዚህ ቦታው ከባትሪው ፖዘቲቭ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ነው። ወደ ማውንቱ ጠጋ ብሎ የተቀመጠ ፊውዝ ከኋላው ያለውን ገመድ አይጠብቅም። ገመዱ በር ውስጥ ተይዞ ወይም በእግር ተረግጦ ሾርት ቢያደርግ እዚያው ይነዳል።

1. ቀዩን የ2.5 ሽቦ ከባትሪ ጫፍ ቁረጡና የፊውዝ ማቀፊያውን መሐሉ ላይ ግጠሙ።
2. 15 አምፔር ፊውዝ አዘጋጁ። የመኪና ፊውዝ ቀለሙ ይነግራችኋል፤ 15 ሰማያዊ ነው፣ 10 ቀይ፣ 5 ቡናማ ቢጫ። አሁን ግን አትክተቱት፤ ሁሉም ሥራ ሲያልቅ ነው የሚገባው።
3. ለባትሪው ምሰሶ የቀለበት ማያያዣ ጨምቁ። ባትሪያችሁ ምሰሶው ምላስ ከሆነ ለምላስ የሚሆነውን።
4. ሌላኛው ጫፍ ላይ ኤክስቲ60 በይዱ። ሴቷ ከባትሪ በኩል፣ ወንዱ ከማውንት በኩል ይሁን። ሴቷ ውስጥ ያለው ብረት ስለተሸፈነ ጨለማ ውስጥ ከብረት ጋር ቢነካካ እንኳ ሾርት አያደርግም። ገልብጣችሁ ካልሠራችሁ በቀር ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ የሚቀያየርበት መንገድ የለም፤ ምልክቱ ፕላስቲኩ ላይ ተቀርጿል።

ኤክስቲ60 ሲበየድ ፕላስቲኩ ይለሰልስና ውስጡ ያለው ፒን ይጋደማል። መፍትሔው ወንድና ሴቷን አገናኝቶ መበየድ ነው፤ አንዱ ሌላውን ቀጥ አድርጎ ይይዘዋል።

ፊውዝ በተደጋጋሚ ከተቃጠለ ትልቅ አትክተቱ። ሽቦ ወይም የሲጋራ ፎይልማ በፍጹም። ምክንያቱን ፈልጉ።

ደረጃ 6፦ ማከፋፈያ ሳጥን ማውንቱ ላይ

አራት ገመድ ከመሬት ወደ ላይ አትጎትቱ። አንድ ወፍራም ገመድ ይውጣ፤ ከላይ ይከፋፈል። የፊውዝ ሳጥኑን በትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጉና የሚንቀሳቀሰው ክፍል ላይ፣ ቴሌስኮፑ አጠገብ እሰሩት። ያኔ የሚንቀሳቀሰው ዋናው ገመድ ብቻ ይሆናል፤ የካሜራውና የማሞቂያው ገመዶች ከቴሌስኮፑ ጋር አብረው ስለሚዞሩ አይጎተቱም።

እያንዳንዱ ቅርንጫፍ የራሱ ፊውዝ ይኑረው። ዋናው 15 አምፔር ፊውዝ 0.75 ሽቦን አይጠብቅም፤ ቀጭኑ ሽቦ ፊውዙ ሳይቃጠል በፊት ይቃጠላል። ለእነዚህ 5 አምፔር በቂ ነው። ብዙዎቹ ዲሲ ጃኮችም ከዚያ በላይ አይችሉም። ሌላው ጥቅሙ ሌሊት ላይ ነው፤ የማሞቂያው ገመድ ሾርት ቢያደርግ ማሞቂያው ብቻ ይጠፋል፣ ካሜራው ሥራውን ይቀጥላል።

ደረጃ 7፦ ጃኩን መበየድ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። አትቸኩሉ። መጀመሪያ በቁራጭ ሽቦና በአንድ ትርፍ ጃክ ተለማመዱ።

ጃኩን ፍቱትና ውስጡን እዩ። ሁለት ምላስ አለው። አጭሯ፣ ከመሐል የምትወጣው፣ የመሐሉ ቀዳዳ ናት፤ አብዛኛውን ጊዜ ፖዘቲቭ የሚገባው እዚህ ነው። ረጅሙ የውጭው ብረት ነው፤ ኔጌቲቭ። ረጅሙ ጫፉ ላይ ሁለት ክንፍ አለው። እነዚያ ክንፎች የገመዱን የውጭ ሽፋን እንዲጨብጡ ነው የተሠሩት። ብዙ ሰው ዝም ብሎ ያልፋቸዋል፤ ከዚያ ገመዱ በተሳበ ቁጥር ጉልበቱ ሁሉ ብየዳው ላይ ያርፋል።

1. የጃኩን ሽፋን ገመዱ ላይ አስቀድማችሁ አስገቡ። ሂት ሽሪንኩንም እንዲሁ። ብየዳው አልቆ ሽፋኑ ጠረጴዛ ላይ ከቀረ መፍትሔ የለውም፤ ፈታችሁ እንደገና መበየድ ነው። ሁለቱንም ከብየዳው ቢያንስ 20 ሴንቲ ሜትር አርቁ፤ አለበለዚያ ሂት ሽሪንኩ በሙቀቱ ቀድሞ ይኮማተራል።
2. የውጭውን ሽፋን 15 ሚሊ ሜትር ግፈፉ። ከዚያ የእያንዳንዱን ሽቦ ጫፍ 4 ሚሊ ሜትር ብቻ ላጡ። ክሮቹ እንዳይቆረጡ ተጠንቀቁ። ሁለት ሦስት ክር ከተቆረጠ ጫፉን ቆርጣችሁ እንደገና ጀምሩ፤ ለዚህ ነው 20 ሴንቲ ሜትር የጨመርነው።
3. ክሮቹን በጣታችሁ ጠምዝዙ። ወጣ ያለች አንዲት ክር እንኳ ወደ ሌላው ምላስ ደርሳ ሾርት ታደርጋለች።
4. አይረኑን 350 ዲግሪ ላይ አድርጉ። ጫፉን በእርጥብ ስፖንጅ ጥረጉና ትንሽ ሊድ አስነኩት። ጫፉ ካላብረቀረቀ ሙቀት አያስተላልፍም።
5. ሽቦውን ሊድ አጠጡት። አይረኑን ከሥር፣ ሊዱን ከላይ ያዙ። ሊዱን አይረኑ ላይ ሳይሆን ሽቦው ላይ አቅልጡት። ክሮቹ ሲጠጡት ታያላችሁ። የክሮቹ ቅርጽ አሁንም ከታየ ልክ ነው፤ ድብልብል ከሆነ በዝቷል።
6. ምላሶቹንም እንዲሁ ትንሽ ሊድ አስነኩ። ፍላክስ ትንሽ ቀቡ። አይረኑ ከ3 ሰከንድ በላይ አይቆይ፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል።
7. ቀጭን ሂት ሽሪንክ ፖዘቲቩ ሽቦ ላይ አስገቡና ወደ ኋላ አርቁት። ከዚያ መጀመሪያ የመሐሉን፣ ፖዘቲቩን አያይዙ። ሽቦውን ምላሷ ላይ አስቀምጡ፣ አይረኑን ጫኑ፣ ሁለቱ ሊድ ሲዋሃዱ አንሡ። ሊዱ እስኪረጋ ሽቦው መንቀሳቀስ የለበትም።
8. ቀጭኑን ሂት ሽሪንክ ፖዘቲቩ ብየዳ ላይ ሳቡና አኮማትሩ። ከዚያ ኔጌቲቩን በይዱ።
9. ክንፎቹን በፒንሳ የውጭው ሽፋን ላይ ጨብጡ። ገመዱ እንዳይንሸራተት ያህል፤ ፕላስቲኩን ቆርጠው እስኪገቡ አይደለም።
10. ገመዱን ጠንከር አድርጋችሁ ሳቡ። አሁን የሚለቅ ከሆነ አሁን ይልቀቅ።

ብየዳው ሲበላሽ

ብየዳው የደበዘዘና ሸካራ ከሆነ ሲረጋ ተንቀሳቅሷል ወይም ሙቀቱ አንሷል። ፍላክስ ጨምሩና እንደገና አሙቁት፤ ሌላ ሊድ አትደርቡበት። ሊዱ ተንከባሎ የሚቀር፣ የማይጣበቅ ከሆነ ምላሱ ቆሽሿል ወይም ሽቦው አሉሚኒየም ነው። ምላሱን በምላጭ ፋቁ። ሽፋኑ ወደ ኋላ ሸሽቶ ሽቦው ከተራቆተ ብዙ አሙቃችኋል፤ ቆርጣችሁ ድገሙት። የጃኩ የመሐል ክፍል ከተጋደመ ግን ጣሉት። ቀና አድርጎ መጠቀም አያዋጣም፤ ሌሊት ላይ ይላቀቃል።

ደረጃ 8፦ ሽፋን

ሂት ሽሪንኩ ሳይኮማተር በፊት ስፋቱ ከሚሸፍነው ነገር አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይሁን። ላይተር ስትጠቀሙ እሳቱን አታስነኩት፤ ከጫፉ ከፍ አድርጋችሁ እያዟዟራችሁ አሙቁ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቀርቦ ነው።

በናስትሮ ብቻ መጠቅለልን እርሱት። በብርዱ ሙጫው ይለቅና ጠዋት ጤዛ ጠጥቶ ተፈትቶ ታገኙታላችሁ።

የጃኩን ሽፋን ካጠበቃችሁ በኋላ ከሽፋኑ ላይ ጀምሮ ገመዱ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር የሚወርድ ወፍራም ሂት ሽሪንክ ልበሱት። ገመዱ የሚሰበረው ሁልጊዜ ከጃኩ በሚወጣበት ቦታ ነው፤ ይህ እዚያ ላይ መታጠፉን ያለዝበዋል። ሁለቱም ጫፍ ላይ ምልክት አድርጉ። እኔ ለየመሣሪያው የተለያየ ቀለም ያለው ቀለበት አደርጋለሁ። በጓንት፣ በቀይ የራስ መብራት ስትሠሩ ግን ቀለም አይለይም፤ ስለዚህ ቁጥርም ጻፉበት።

ደረጃ 9፦ ፍተሻ፣ ያለ መሣሪያ

ምንም መሣሪያ ሳይሰካ፦

- ባትሪው ተነቅሎ ቴስተሩን በድምፅ ምልክቱ ላይ አድርጉ። የጃኩን መሐልና ውጩን አንድ ላይ ስትነኩ መጮኽ የለበትም። ከጮኸ ሾርት አለ።
- ከጫፍ እስከ ጫፍ ፖዘቲቩ ለብቻ፣ ኔጌቲቩ ለብቻ መጮኽ አለበት። እየጮኸ ገመዱን በየቦታው እጠፉት። ድምፁ ከተቆራረጠ ያ ቦታ ተበላሽቷል።
- ፊውዙን ክተቱ፣ ባትሪውን አገናኙ። ቀዩ ዘንግ መሐል፣ ጥቁሩ ውጭ። ቁጥሩ ያለ መቀነስ ምልክት 12 ምናምን ማለት አለበት።

እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ግማሹን ነው የሠራው። ጭነት የሌለበት ገመድ ሁልጊዜ ደህና ይመስላል። 55 ዋት የመኪና የፊት መብራት አምፑል ፈልጉ፤ 4.5 አምፔር ገደማ ይስባል። በዋናው ገመድ ጫፍ አያይዙትና 15 ደቂቃ አብሩት። አምፑሉ ክፉኛ ይግላል፤ ብረት ወይም ሴራሚክ ላይ አስቀምጡት፣ በእጅ አትንኩት።

እየበራ ሳለ ባትሪው ላይ ለኩ፣ ከዚያ አምፑሉ ላይ ለኩ። ልዩነቱ በደረጃ 3 ካሰላችሁት ትንሽ ከፍ ቢል ደህና ነው፤ ማገናኛዎቹም የራሳቸውን ይወስዳሉ። ከእጥፍ በላይ ከሆነ አንድ ቦታ ላይ መጥፎ መገናኛ አለ። እሱን ለማግኘት ቴስተሩን ሚሊ ቮልት ላይ አድርጉና የእያንዳንዱን መገናኛ ሁለት ጎን ለኩ፤ ፊውዙን፣ ኤክስቲ60ውን፣ ብየዳውን፣ የባትሪውን ቀለበት። ሌላው ሁሉ 10 እና 20 ሚሊ ቮልት ሲያሳይ አንዱ 200 ካሳየ አገኛችሁት። በእጅ ዳስሱም፤ ከሌላው ለየት ብሎ የሞቀ ቦታ ጥፋተኛው ነው።

አጫጭሮቹን ቅርንጫፎችም በዚያው አምፑል አንድ በአንድ ፈትኑ። ጃኩን 5 ደቂቃ ያህል ብቻ ጫኑት። አምፑሉ ሲነሣ ለቅጽበት ብዙ አምፔር ስለሚስብ 5 አምፔሩ ፊውዝ ቢቃጠል አትደንግጡ፤ አነስ ያለ፣ የፍሬን መብራት ዓይነት 21 ዋት አምፑል ተጠቀሙ።

ደረጃ 10፦ ማሰር

ገመዶቹን በቬልክሮ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ እሰሩ። የፕላስቲክ ማሰሪያ ከተጠቀማችሁ አታጥብቁት፤ ሽቦውን ያንቃል። ጃኩ ሶኬት ውስጥ ከመግባቱ በፊት ገመዱ ትንሽ ቀለበት ሠርቶ አጠገቡ ካለ ብረት ጋር ይታሰር። ሰው ገመዱን ቢመታው ማሰሪያው ይሳባል እንጂ ሶኬቱ አይሰበርም። የካሜራ ሶኬት መቀየር ከገመድ መሥራት ጋር የሚወዳደር ሥራ አይደለም።

ከዚያ እንደ ደረጃ 2 ማውንቱን በሁሉም አቅጣጫ አዙሩ። በቀን፣ እያያችሁ። ክብደቱ ከእግሩ አጠገብ ሲያልፍ ገመዱ የት እንዳለ በዓይናችሁ ተከተሉ።

ደረጃ 11፦ ሜዳ ላይ

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ የመሣሪያዎቹ ማብሪያ ሁሉ ይጥፋ፣ ጃኮቹ ይሰኩ፣ ዋናው ኤክስቲ60 መጨረሻ ላይ ይገናኝ፣ ከዚያ አንድ በአንድ አብሩ። ስታነሡ በተቃራኒው።

ባትሪው ቻርጀር ላይ እያለ መሣሪያ አታያይዙበት። ከመኪና ባትሪ የምትወስዱ ከሆነም ሞተር ከማስነሣታችሁ በፊት ዋናውን ገመድ ንቀሉ፤ ሲነሣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ይዘላልም።

በውርጭ ሌሊት የእርሳስ ባትሪ ከአቅሙ ይቀንሳል፤ 0 ዲግሪ ላይ 80 በመቶ ገደማ ነው የሚሰጣችሁ። ብርድ ልብስ ጠቅልሉበትና ከመሬት በጣውላ ከፍ አድርጉት። ቻርጅ ሲደረግ ግን ጋዝ ስለሚወጣው አትጠቅልሉት። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ከሆነ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አታድርጉት። ከጓሳ ይዛችሁ ስትገቡ ቤት ውስጥ ሙቀት እስኪገባው ጥቂት ሰዓት ይቆይ፤ ከዚያ ሰኩት።

ሌሊት ላይ ችግር ሲመጣ

ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ከጠፋ፦ ዋናው ፊውዝ ወይም ኤክስቲ60ው ነው። ፊውዙን አይታችሁ ደህና ከሆነ ማገናኛውን ነቅላችሁ መልሱ።

አንዱ ብቻ ከጠፋ፦ የሱ ቅርንጫፍ ፊውዝ፣ ከዚያ ጃኩ። ከሌላ መሣሪያ የሚሠራ ገመድ ቀይራችሁ ሞክሩ፤ ቮልቱ አንድ ዓይነት መሆኑንና በሁለቱም የጃኩ መሐል ፖዘቲቭ መሆኑን ካወቃችሁ ብቻ።

ማውንቱ በፍጥነት ሲዞር ብቻ ከቆመ፦ ቮልቱ እየወረደ ነው። እየዞረ ሳለ ሳጥኑ ላይ ለኩ። ባትሪው ላይ 12.5፣ ሳጥኑ ላይ 11.5 ካያችሁ ችግሩ ከሁለቱ መሐል ነው። ባትሪው ራሱ 11.5 ከሆነ ግን ገመዱን ተዉት፤ ባትሪው ደክሟል፣ ማሞቂያውን ቀንሱ።

አንድ አቅጣጫ ላይ ብቻ ከቆመ፦ ገመዱ እዚያ ላይ ይወጠራል። ማሰሪያውን ፈታ አድርጉና እንደገና አዙሩት።

ቦርሳ ውስጥ ሁልጊዜ የሚቀመጡ፦ ከእያንዳንዱ ዓይነት ሦስት ፊውዝ፣ አንድ የተፈተሸ ትርፍ ገመድ ባለ 2.1 ጃክ፣ ቴስተሩ፣ ለቴስተሩ ደግሞ ትርፍ ባትሪ።